ምን ይነገር፣ ምን ይደበቅ? ስውር ሴራ ይዞ ጨዋታ ለሚመራ ሰው የአሠራር መመሪያ

እንደ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ባሉ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ ጨዋታዎች ሦስት ወይም አራት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንድ ሰው ደግሞ ጨዋታ መሪ ሆኖ የቀረውን ሁሉ ይይዛል፦ ዓለሙን፣ ጠላቱን፣ መንገደኛውን፣ ከጀርባ ያለውንም ሴራ። ይህ ጨዋታ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመ ጀምሮ መሪዎችን ያልለቀቀ ጥያቄ አለ፦ ከማውቀው ውስጥ ምን ያህሉን ልንገራቸው?

አዲስ መሪ ብዙ በመናገር የሚያበላሸው ጨዋታ ጥቂት ነው። የሚያበላሸው በመደበቅ ነው። ትልቁን ምስጢር ለመጨረሻው ቀን ያስቀምጣል፤ ተጫዋቾቹ ግን ምስጢር መኖሩን እንኳ ስላላወቁ አይፈልጉትም። ቀኑ ደርሶ ሲገለጥላቸው «እሺ» ብለው ያልፋሉ፤ መሪውም ለምን እንዳልደነገጡ አይገባውም። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ቆሟል፦ ተጫዋች ለመወሰን የሚያስፈልገው ነገር አይደበቅበት። የሚደበቀው የጥያቄው መልስ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይውጣ።

የምንሠራበት ምሳሌ

በአንዲት ምናባዊ የኬላ ከተማ ሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ እየተዘረፉ ነው። የኬላው ሹም ወንበዴዎቹን እንዲይዙለት ተጫዋቾቹን ይቀጥራል። እውነቱ ይህ ነው፦ ሲራራው የሚነሳበትን ቀንና ብሩ የተጫነበትን በቅሎ ለወንበዴዎቹ የሚነግራቸው የሹሙ ጸሐፊ ነው። የሚነግራቸውም ልጁን አግተው ስለያዙበት ነው። የወንበዴዎቹ አለቃ ከሥራው የተባረረ የቀድሞ የሲራራ ጠባቂዎች አዛዥ ነው። ሹሙ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

ደረጃ 1፦ የምታውቁትን በሦስት ክምር ክፈሉ

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምራችሁ ሦስት ዓምድ ሥሩ።

የመጀመሪያው ዓምድ ገጸ ባሕርያቱ በዚያ ዓለም በመኖራቸው ብቻ የሚያውቁት ነው። የሹሙ ስም፣ ቀረጥ ስንት እንደሆነ፣ ሌባ ሲያዝ ምን እንደሚፈረድበት፣ የትኛው መንገድ በክረምት እንደማይሄድ። ይህን ማንም ሳይጠይቃችሁ ንገሩ። ተጫዋቿ ይህን ዓለም የምታየው በእናንተ አፍ ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ግን ሠላሳ ዓመት ኖራበታለች። የከተማዋ ተወላጅ የሆነች ገጸ ባሕርይ የሹሙን ስም ለማወቅ ዳይስ (ሙከራ መሳካቱን የሚወስን፣ ገጾቹ ላይ ቁጥር ያለበት መወርወሪያ) መወርወር ካለባት መሪው ተሳስቷል።

ሁለተኛው ዓምድ ቢፈለግ የሚገኝ ነገር ነው፦ መዝገብ ውስጥ ያለ፣ አንድ ምስክር የሚያውቀው፣ ጫካው ውስጥ የወደቀ። የሥራችሁ አብዛኛው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ለጊዜው የሚቆለፈው ነው። በምሳሌያችን ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚገባበት፦ ጸሐፊው መሆኑ፣ ልጁ መታገቱ፣ የአለቃው ማንነት። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚከፈትበትን ሁኔታ ጻፉ። «ጸሐፊው፦ ሁለት ፍንጭ ይዘው ሲጠይቁት ያምናል።» «አለቃው፦ ካምፑን ካዩ በኋላ።» ሁኔታ ያልተጻፈለት ምስጢር ሳይከፈት ይቀራል፤ ሳይከፈት ከቀረ ደግሞ ያን ሁሉ የጻፋችሁት ለራሳችሁ ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ከአራት ወይም ከአምስት መስመር ካለፈ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ሁለተኛው አሻግሩ።

ደረጃ 2፦ ከመጀመሪያው ሴሽን (አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከሚጫወቱበት ቆይታ) በፊት የታሪኩን ዓይነት ንገሩ፣ ማን መሆኑን አትንገሩ

ገጸ ባሕርይ ከመሠራቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የሚነገረው የታሪኩ ዓይነት ነው፦ «ይህ የምርመራ ታሪክ ነው። ከምታምኑት ሰው አንዱ ይከዳችኋል። ገጸ ባሕርይ ሊሞት ይችላል።» ብዙ መሪዎች «ከዳተኛ አለ» ማለት ሴራውን የሚገድል ይመስላቸዋል። አይገድለውም። ተጫዋቾቹ ከመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰው በጥርጣሬ እያዩ ይጫወታሉ፤ የምርመራ ታሪክ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ፓራኖያ የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፦ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በሞት የሚያስቀጣ ምስጢር እንዳለው ተጫዋቾቹ በሙሉ ያውቃሉ፤ ጨዋታውም የሚሞቀው ያን በማወቃቸው ነው።

የታሪኩን ዓይነት መደበቅ ግን ጉዳት አለው። «የቤተ መንግሥት ፖለቲካ እንጫወታለን» ተብሎ በሁለተኛው ሴሽን ሙታን ተነሥተው ከተማዋን ከወረሩ፣ አንደበተ ርቱዕ ዲፕሎማት የሠራው ተጫዋች እስከ መጨረሻው የሚያደርገው ነገር አያገኝም። እንዲህ ያለ ትልቅ መታጠፊያ ካላችሁ ቢያንስ «ታሪኩ መሐል ላይ መልኩን ይለውጣል፤ ለመዋጋትም የሚችል ሰው ሥሩ» በሉ።

የሚከብዱ ጉዳዮችንም እዚሁ ጠይቁ። በምሳሌያችን የታገተ ልጅ አለ፤ ወላጅ የሆነ ተጫዋች ይህን ላይፈልግ ይችላል። «የልጅ መታገት ይረብሻችኋል?» ብላችሁ ብቻውን ከጠየቃችሁ ግን ሴራውን ገለጣችሁት። ስለዚህ ስምንት ያህል ጉዳዮች ያሉበት ዝርዝር አዘጋጁ፦ ረሃብ፣ ሥቃይ፣ የልጅ መታገት፣ ሸረሪት፣ የእንስሳት ሞት፣ ባርነት፣ ወረርሽኝ፣ ራስን ማጥፋት። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው «ይሁን»፣ «ይኑር ግን በዝርዝር አይነገር» ወይም «ጭራሽ አይምጣ» ብሎ ምልክት ያድርግና ይመልስላችሁ። «ጭራሽ» ካለ ልጁን በወንድም ወይም በዕዳ ተኩት። ከዚህ ምንም ሴራ አይበልጥም።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ መደምደሚያ ሦስት ፍንጭ ጻፉ

ጀስቲን አሌግዛንደር የተባለ የጨዋታ ጸሐፊ ያስፋፋው የሦስት ፍንጭ ደንብ ቀላል ነው፦ ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት የምትፈልጉት እያንዳንዱ መደምደሚያ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ይኑረው። አንዱን ያልፉታል፣ ሁለተኛውን በሌላ ይተረጉሙታል፣ በሦስተኛው ይደርሱበታል። ለእናንተ «ግልጽ» የሆነው ነገር ግልጽ የሆነው መልሱን አስቀድማችሁ ስለምታውቁ ነው፤ ፍንጩን ብቻ ይዞ ለሚያየው ሰው ግልጽ አይደለም።

መደምደሚያዎቹን በቅደም ተከተል ጻፉ። የመጀመሪያው «ከኬላው ውስጥ ወሬ የሚያወጣ ሰው አለ» የሚለው ነው። ፍንጮቹ፦

በኬላው መዝገብ ላይ የሦስቱ የተዘረፉ ሲራራዎች መነሻ ቀን ተሰርዞ ሌላ ቀን ተጽፏል። ለውጡ የተደረገው ከመነሻቸው በፊት በነበረው ማታ ነው፤ ወንበዴዎቹ ግን በአዲሱ ቀን ቦታው ላይ ቆመው ጠብቀዋል።

ከዘረፋው የተረፈ በቅሎ ነጂ፦ «አሥራ አንድ በቅሎ ነበረን። በቀጥታ ወደ ሰባተኛዋ ሄዱ፤ ሌላውን ጭነት አልነኩም።»

በተገደለ ወንበዴ ኪስ የተገኘ ቁራጭ ወረቀት፣ ጠርዙ ላይ የኬላው ማኅተም ሰም ተለጥፎበታል።

ሦስቱ በዓይነት እንደሚለያዩ አስተውሉ፦ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ ሰው፣ አንዱ ዕቃ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ውስጥ ቢሆኑ፣ ተጫዋቾቹ መዝገብ ቤት ካልሄዱ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። መነጋገር የሚወድ ተጫዋች ከበቅሎ ነጂው፣ መዋጋት የሚወድ ከወረቀቱ፣ ማንበብ የሚወድ ከመዝገቡ እንዲደርስ አድርጋችሁ በትኗቸው።

ሁለተኛው መደምደሚያ «ጸሐፊው ነው» ነው። የወረቀቱ እጅ ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው። የጸሐፊው ጎረቤት ልጁን ካየችው ብዙ ሳምንት ሆኗታል፤ ጸሐፊው «አያቱ ዘንድ ሄዷል» ብሏታል፤ እሷ ግን አያቱ መሞታቸውን ታውቃለች። ሦስተኛው ደግሞ በድርጊት የሚታይ ፍንጭ ነው፦ ጸሐፊው ተጫዋቾቹ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ይጠይቃቸዋል። እንዲህ ያለው ፍንጭ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ተጫዋቾቹ በኋላ ወደ ኋላ ሲያስቡ «ጠይቆን ነበር እኮ!» ይላሉ። ዓይናቸው ሥር ሆኖ ያለፋቸው ስለሆነ እንደተታለሉ አይሰማቸውም።

ከዚህ ሌላ ከቦታ ጋር ያልታሰሩ ስድስት ያህል አጫጭር እውነቶች በትንንሽ ካርዶች ላይ ጻፉ፤ በአንዱ ካርድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። «አዛዡ የተባረረው የጠባቂዎቹ ደመወዝ ጠፍቶ ነው።» «ካምፑ አጠገብ ውኃ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው።» ማን እንደሚናገረው አስቀድማችሁ አትወስኑ። ተጫዋቾቹ ያላሰባችሁትን ጠላ ቤት ገብተው ያልጻፋችሁትን ሰው ቢያናግሩ፣ ካርድ አንሥታችሁ በዚያ ሰው አፍ ተናገሩት። ዝግጅታችሁ አይባክንም፤ እነሱም በራሳቸው መንገድ ሄደው አገኙት።

ደረጃ 4፦ ታሪኩን የሚያስኬደው ፍንጭ በዳይስ አይያዝ

ሒሳቡን እንመልከት። በዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም መካከለኛ ክብደት ያለው ሙከራ 15 ይጠይቃል፤ ዳይሱ ያመጣው ቁጥር ከገጸ ባሕርይዋ የችሎታ ጭማሪ ጋር ተደምሮ 15 መድረስ አለበት ማለት ነው። 3 ጭማሪ ያላት ገጸ ባሕርይ በባለ 20 ገጹ ዳይስ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለባት። ይህ ከ20ው ቁጥር 9ኙ ነው፤ 45 በመቶ። አሁን ሦስት ፍንጭ በሰንሰለት ብትሠሩ፣ ማለትም ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው፣ ሦስተኛውም ያለ ሁለተኛው የማይገኝ ቢሆን፣ እያንዳንዱም አንድ ሙከራ ቢጠይቅ፣ እስከ መጨረሻው የመድረስ ዕድሏ 9 በመቶ ገደማ ነው። ሦስቱ ለየብቻ ወደ አንድ መደምደሚያ የሚያደርሱ ቢሆኑ ግን ሦስቱንም የማጣት ዕድሏ 17 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱን ያለ ዳይስ ብትሰጡት፣ ቦታው ድረስ ከሄደች በኋላ ማጣት የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ደንቡ፦ መዝገቡን ያነበበ ሁሉ ስርዙን ያያል፤ ዳይስ የለም። ዳይሱ የሚወስነው በምን ዋጋና ከምን ተጨማሪ ጋር እንዳገኙት ነው። 15 ያመጣ ስርዙ የተጻፈበት ቀለም ከሌላው እንደሚለይ ያያል። ያላመጣ ስርዙን ብቻ አይቶ፣ ሲያገላብጥ ጸሐፊው በሩ ላይ ደርሶ ያገኘዋል። ሮቢን ሎውስ የነደፈው ገምሹ የተባለው የምርመራ ጨዋታ ሥርዓት ይህን እስከ ጫፍ ወስዶታል፦ ተገቢው ሙያ ያለው ገጸ ባሕርይ ተገቢው ቦታ ላይ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ሁልጊዜ ያገኛል። ሌላ ሥርዓት ብትጫወቱም ይህን ብቻ ወስዳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

በ5ኛው እትም ዳይስ ሳይወረወር የሚሠራ የማስተዋል ቁጥርም አለ፦ 10 ሲደመር የገጸ ባሕርይዋ ጭማሪ። 3 ጭማሪ ያላት 13 አላት። የሁሉንም ቁጥር በአንድ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ፊታችሁ አኑሩ። 12 የሚጠይቅ ነገር ካለ «ዳይስ ወርውሪ» ሳትሉ በቀጥታ ንገሯት። ወርውሪ ብላችሁ 4 ካመጣች፣ እዚያ የተደበቀ ነገር እንዳለ ጠረጴዛው ሁሉ አወቀ፤ ከዚያ በኋላ እንዳላወቀ ሆኖ መጫወት ለሁሉም አድካሚ ነው።

ደረጃ 5፦ የታየውን ንገሩ፣ ትርጉሙን ለእነሱ ተዉ

«ጸሐፊው እየዋሸ ነው» ማለት ብዙ መናገር ነው። «ምንም አይታወቅሽም» ማለት ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። መሐሉ ይህን ይመስላል፦ «ስለ ልጁ ስትጠይቂው ብዕሩን አስቀመጠ። እስካሁን እየጻፈ ነበር የሚመልስልሽ።» ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን፣ እጅ የነካውን ሙሉ በሙሉ ስጡ። ስለ ሰው ውስጥ የሚደመደመውን ተጫዋቿ ራሷ ትድረስበት።

አደጋ ሲሆን ግን መቆጠብ የለም፤ ከመወሰናቸው በፊት ንገሩ። ተጫዋች ከገደል እዘላለሁ ካለ፣ ዳይሱን ከማንሣቱ በፊት «ሃያ ክንድ ይሆናል፣ ታቹ ድንጋይ ነው፤ ብትስት ክፉኛ ትጎዳለህ፤ ገጸ ባሕርይህ ይህን ያያል» በሉት። ከሞተ በኋላ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ጠብ ያመጣል፤ ጠቡም የተገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ምርመራ ጨዋታ ጭራቁ ምን እንደሆነ አጥብቆ ይደብቃል፤ ገጸ ባሕርይ ሊሞት ወይም አእምሮውን ሊስት እንደሚችል ግን ለማንም አይደብቅም።

ደረጃ 6፦ ለአንድ ተጫዋች ብቻ የሚነገር ነገር

አንዷ ገጸ ባሕርይ የቀድሞውን አዛዥ በወጣትነቷ ታውቀው ነበር እንበል። ይህን በወረቀት ወይም በቴሌግራም፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በማይበልጥ ጽፋችሁ ስጧት። ለሌሎቹም በየጊዜው ወረቀት ስጡ፤ ይዘቱ ተራ ነገር ቢሆንም። ለአንዷ ብቻ ከተሰጠ ጥርጣሬው ወደ እሷ ይዞራል። አንድን ተጫዋች ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ማናገር ከአምስት ደቂቃ ካለፈ የቀሩት ስልካቸውን ያወጣሉ፤ መልሶ መሰብሰቡም ሌላ ጊዜ ይበላል።

ተጫዋች ራሱ ከዳተኛ የሚሆንበት ሴራ በደረጃ 2 ላይ ሁሉም «ይሁን» ያሉት ካልሆነ አይሞከር። ጓደኞች ለወራት አብረው ሲሠሩ የቆዩት ነገር በአንዱ እጅ ሲፈርስ የሚቀየመው ገጸ ባሕርይው ብቻ አይደለም።

ብዙ ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች ደግሞ ተቃራኒው መንገድ ይሠራል፦ ምስጢሩን ለሁሉም በግልጽ ተናገሩት። «ጸሐፊው ወዳጃችሁ መስሎ ሸኛችሁ። በሩ ሲዘጋ ግን ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ» በሉ። ገጸ ባሕርያቱ አያውቁም፣ ተጫዋቾቹ ያውቃሉ። ሰዎቹ ይህን ከወደዱት ራሳቸው ገጸ ባሕርያቸውን ወደ ወጥመዱ እየመሩ ይጫወታሉ። የማይወዱ ካሉ ግን አትግፉ።

ደረጃ 7፦ በየሴሽኑ አንድ በር ይከፈት

ሦስት ሰዓት ያህል በሚፈጅ ሴሽን ውስጥ ከሦስተኛው ዓምድ አንድ ነገር ወይም ቢያንስ ግማሹ ይውጣ፤ ከሁለተኛው ደግሞ ሦስት ወይም አራት። ሁለት ሴሽን ሙሉ አዲስ ነገር ካልወጣ ተጫዋቾቹ ወደ ውጊያ ብቻ ይዞራሉ፤ የቀረላቸው ነገር እሱ ነውና።

ሲጀመር ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ እስካሁን የታወቀውን ድገሙ። ስሞቹን ጭምር። በጨዋታው ውስጥ ያለፈው አንድ ሌሊት ነው፤ በተጫዋቾቹ ሕይወት ግን አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም አንድ ወር አልፏል፤ ሥራ ነበር፣ ቤተሰብ ነበር። የበቅሎ ነጂውን ቃል መርሳታቸው የገጸ ባሕርይው ጥፋት አይደለም። «ሰባተኛዋ በቅሎ» ብላችሁ ማስታወስ ሴራ መግለጥ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፍንጭ የእነሱ ንብረት ነው።

ሲበላሽ

*ተጫዋቾቹ ገና በመጀመሪያው ሴሽን «ጸሐፊው ነው» ቢሉ።* ጥፋተኛውን አትቀይሩ። የዚህ ፈተና ጽኑ ነው፤ መቀየር ግን እስካሁን የሰጣችሁትን ፍንጭ ሁሉ ውሸት ያደርገዋል፤ በኋላ መዝገቡን መልሰው ሲያዩት አይገጥምም። በትክክል ማሰባቸውን እየቀጣችሁ ነውና ማሰብም ያቆማሉ። መገመት ማረጋገጥ ስላልሆነ ጥያቄውን ወደ ፊት ግፉት፦ ሹሙ ያለ ማስረጃ ያምናቸዋል? ልጁ ሳይገደል ጸሐፊውን እንዴት ይያዙት?

*ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ።* ሦስተኛውን ፍንጭ በእግሩ ወደ እነሱ ላኩት። ጎረቤቷ ሌሊት በር ታንኳኳ። ወይም ወንበዴዎቹ ደግመው ይዝረፉ፤ አዲስ ዘረፋ አዲስ ምስክር ይዞ ይመጣል። ፍንጭ ሳይጨምሩ «እስቲ አስቡበት» ማለት ግን አይረዳም፤ ሲያስቡበት ነው የቆዩት።

*የተሳሳተ ሰው ከያዙ።* ሹሙን ጠርጥረው ከሆነ፣ አንድ ጠንካራ ነገር ግምቱን እንዲያፈርሰው አድርጉ፦ ሹሙ በታሰረ ማግስት ሌላ ሲራራ ተዘረፈ። ሆን ተብሎ የሚጣል የማታለያ ፍንጭ ግን ለጀማሪ መሪ አያስፈልግም። ተጫዋቾች ራሳቸው በቂ የተሳሳተ መንገድ ይፈጥራሉ።

*ያልተነገረ ነገር ከተፈጠረው ታሪክ ጋር ካልገጠመ።* ጠረጴዛው ላይ ጨርሶ ያልተጠቀሰ ምስጢር ገና ሊለወጥ ይችላል። አዛዡ ማን እንደሆነ የሚጠቁም አንድም ፍንጭ ካልወጣ፣ ከተጫዋቾቹ ታሪክ ጋር የሚገጥም ሌላ ሰው አድርጉት። መለኪያው አንድ ነው፦ የተሰጠ ፍንጭ ከሐሰተኛ ጎራ እንዳይገባ።

*ታሪኩ አልቆ «ጎረቤቷን ብናናግራት ኖሮ ምን ትለን ነበር?» ብለው ሲጠይቁ።* የተዘጋውን ንገሯቸው፤ ያለፏቸውን ፍንጮች መስማት ይወዳሉ፤ ለሚቀጥለው ሴራችሁም የትኛው ፍንጭ እንደሠራ ከመልሳቸው ታያላችሁ። አዛዡ አምልጦ ከሆነ ግን ስለ እሱ ያለውን ወረቀት እጠፉና ለሚቀጥለው ዙር አቆዩት።